የመገልበጥ ሕግ በአዊ ምድር፤ ከብራና እስከ ኢንተርኔት

በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ ዘፈን የፈለገ ሰው ሚሞሪውን ወይም ፍላሹን ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል፤ ባለሱቁም ጥቂት ብር ተቀብሎ ይጭንለታል። ዘፋኙ ከዚህ አንዳች አያገኝም። በተለይ በአውኛ ለሚዘፍን ሰው ገበያው ጠባብ ስለሆነ ጕዳቱ ይብሳል። ሕግ ይህን ጥፋት ይለዋል፤ ገበያው ግን እንደ ነውር አይቈጥረውም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ መመርመር ነው።

በጎጃም አድባራትና ገዳማት መጽሐፍ መገልበጥ የጽድቅ ሥራ ነበረ። ቁም ጸሐፊው የድካሙን ዋጋ ይቀበላል እንጂ ለደራሲው የሚከፈል ነገር አልነበረም። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ የሚገኘው ውግዘትም መጽሐፉን በሰረቀውና በፋቀው ላይ ነው እንጂ የገለበጠውን አይነካም። እንዲያውም ብዙ የተገለበጠ መጽሐፍ ከእሳትና ከጦርነት ይተርፋል። ስለዚህ ነውሩ ዕቃውን መውሰድ እንጂ ቃሉን ማባዛት አልነበረም። ዛሬ የባለሱቁን ሥራ በቀላሉ የሚያወግዙ ሰዎች ይህን የሚያስታውሱት አይመስለንም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1647 እስከ 1674 የደራሲን መብት ደነገገ። ኋላ ካሴት መጣና መገልበጥን የማንም ሱቅ ሥራ አደረገው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ሲወጣ፣ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ፤ በአንቀጽ 9 ግን ግለሰብ ለራሱ መገልገያ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው እንዳይችል አደረገ። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. ተሻሻለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ደግሞ የቅጂ መብትን መጣስ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ አልዘረዘረም። ስለሆነም የዳንግላው ባለሱቅ የሚዳኘው በአመዛኙ ካሴትን አስቦ በወጣ ሕግ ነው ማለት ይቻላል።

ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. 17ኛው የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። ወጣቶችና የሕዝብ እንደራሴዎችም የየራሳቸው ስብሰባ ነበራቸው፤ ነገ መረቡን የሚያስተዳድሩትን ማሠልጠን አንዱ ጕዳይ ነበረና። ይህ ጉባኤ ይመክራል እንጂ አስገዳጅ ውሳኔ አያሳልፍም። በዚያው ወቅት የትግራይ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ዘጠኝ ወር ሳይሞላም፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ አዊም ከዚሁ አላመለጠም። መዘጋቱ ብዙ ወራት ቈየ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱ ነገሮች፣ መገልበጥና መዘጋት፣ ተለያይተው ሊታዩ አይገባም። መስመሩ ሲዘጋ ከፍሎ ለመስማት የወደደ ሰው እንኳ የሚከፍልበት መንገድ ያጣል፤ የሚቀረው ፍላሹ ነው። ተማሪውም እንዲሁ ነው። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ስለ መረብ አስተዳደር ለመማር የሚሻ ወጣት፣ መረቡ በሌለበት ጊዜ መጽሐፉን ከጓደኛው በፍላሽ ይቀበላል፤ ያም መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደራሲው ፈቃድ የተገለበጠ ነው።