ኩዝኮን በእግራቸው ያጠኑ ተማሪዎች

በፔሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ተማሪዎች ከመለያየታቸው በፊት አብረው ረጅም ጉዞ የማድረግ ልማድ አላቸው። ወላጆች አስቀድመው ያዋጣሉ። ከመድረሻዎች ሁሉ የሚመረጠው በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው የኢንካዎች መናገሻ ኩዝኮ ናት፤ ከዚያ በተራራ ላይ ያለው የኢንካ ፍርስራሽ ማቹ ፒቹ ይከተላል። ልጆቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ግንቡን፣ ገበያውንና ቤተ መዘክሩን አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ይህን ያየ ሰው ጉዞው ቱሪዝም የወለደው ሽርሽር ነው ቢል አይፈረድበትም። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይገኛል። በኩዝኮ ተማሪን ሰብስቦ የኢንካን ፍርስራሽ ማሳየት ሥር የሰደደው የቱሪስት ገበያው ከመድራቱ በፊት፣ በተማሪዎች አመፅ ማግስት፣ ትምህርትን ለማደስ ተብሎ ነው። በኋላም ፔሩ ያለፈ ዘመኗ የራሷ መሆኑን ለማስከበር ባደረገችው ሙግት ውስጥ፣ ብዙ ባይነገርለትም፣ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የኩዝኮው ሳን አንቶኒዮ አባድ ዩኒቨርሲቲ በ1692 የተመሠረተ አንጋፋ ተቋም ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ግን ደክሞ ነበር። ተማሪዎቹ ወንበሩን ስለያዙት አሮጌ መምህራን፣ ስለ ዝምድና አሠራርና ስለደረቀው ትምህርት አምርረው ያማርሩ ነበር። በ1909 አድማ መቱ። ከመሪዎቹ አንዱ በኋላ ከፔሩ ታላላቅ የታሪክ ሊቃውንት ተርታ የተሰለፈው ሉዊስ ቫልካርሴል ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በ1910 ሲከፈት መንግሥት በኃላፊነት የሾመው ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን አሜሪካዊ አልበርት ጊሴክን ነው። ጊሴክ ያመጣው ለውጥ ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ተማሪው በዙሪያው ያለውን አገር ይይ፣ ይመዝግብ፣ ይጻፍበት። ባቡር ኩዝኮ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነበርና ሐዲዱ ከማይደርስበት አልፎ መሄድ የእግርና የበቅሎ መንገድ ነበር። ተማሪዎቹ ግን ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ፍርስራሾቹና ወደ ገጠሩ መውጣት ጀመሩ። በ1912 የከተማዋ ሕዝብ ሲቆጠርም ሥራው በጊሴክ መሪነት የተካሄደው በእነሱ ጉልበት ነው፤ ቆጠራው 20 ሺህ ገደማ ነዋሪ አገኘ።

ወጥቶ ማየት ከመጽሐፍ የማይገኝ ምን ይሰጣል? በከተማዋ ውስጥ ሃቱን ሩሚዮክ በተባለው ጠባብ መንገድ ዳር ያለውን ግንብ እንመልከት። ከድንጋዮቹ አንዱ 12 ማዕዘን አለው። ጭቃም ኖራም ሳይገባበት እያንዳንዱ ማዕዘን ከጎረቤቱ ድንጋይ ጋር ልክ ለልክ ተገጥሟል፤ በመጋጠሚያው መካከል ስለት እንኳን አያልፍም። ከዚህ ግንብ በላይ ደግሞ ስፔናውያን የገነቡት የሊቀ ጳጳሱ መኖሪያ ተቀምጧል። እዚያ የቆመ ተማሪ ማን በማን ሥራ ላይ እንደሠራ ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም፤ የአገሬው ሰው ሥልጣኔ ያመጡለት ባዕዳን ናቸው የሚለውን ትምህርት ለመቀበልም ይቸገራል። የዚያ ትውልድ ሥራ ይህን ያሳያል። ቫልካርሴል የሕይወት ዘመኑን ለኢንካ ታሪክ ሰጠ፤ በ1930ዎቹ በሳክሳይዋማን ምሽግ የተካሄደውን ቁፋሮ መራ፤ በኋላም የአገሪቱ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በ1923 ደግሞ የኢንካ ሙዚቃና ተውኔት የሚያሳይ የኩዝኮ ቡድን ይዞ እስከ ቦነስ አይረስ ዘለቀ። እነዚህን ሰዎች ጉዞው ብቻ ፈጠራቸው አልልም። የኩዝኮን ድንጋይ እንደ ማስረጃ እንዲያነቡ ያስተማራቸው ግን እሱ ነው።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ያደሰው ጊሴክ ራሱ የውጭ ሰው ነበር፤ በዚያ ላይ በ1911 መጀመሪያ በኡሩባምባ ሸለቆ ሲጓዝ ከተራራው በላይ ፍርስራሽ እንዳለ ከገበሬው ከሜልቾር አርቴያጋ ሰምቶ፣ ወሬውን ለዬል ዩኒቨርሲቲው ለሃይረም ቢንግሃም ያቀበለው እሱ ነው። ቢንግሃም ሐምሌ 24 ቀን 1911 በዚያው በአርቴያጋ መሪነት ማቹ ፒቹ ደረሰ። በኋላም ከቁፋሮ የወጡት ዕቃዎች በሣጥን ታሽገው ወደ አሜሪካ ተጫኑ። ታዲያ የጥናት ጉዞው በር ከፋች ሆነ እንጂ ጠባቂ የት ሆነ? ነገሩ እውነት ነው፤ ግማሽ ግን ነው። የቢንግሃምን ሥራ በኩዝኮ የተከታተሉትና የሞገቱት የታደሰው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በ1915 ቢንግሃም ያለፈቃድ ይቆፍራል፣ ቅርስ ያሸሻል የሚል ክስ ሲነሣበት ከፊት ከቆሙት አንዱ ቫልካርሴል ነበር። ወርቅ አሻግሯል የተባለው ፈጽሞ አልተረጋገጠም፤ ክሱ በዚህ ረገድ ተጋንኗል። ዋናው ጥያቄ ግን ትክክል ነበር። የፔሩ መንግሥት በ1912 ዕቃዎቹ እንዲወጡ ሲፈቅድ እንዲመለሱ የመጠየቅ መብቱን ጠብቆ ነበርና፣ የኩዝኮ ሰዎች ይከበር ያሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከውስጥ ይመጣል፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ማቹ ፒቹን ገበሬው ያውቀው ነበር። ቢንግሃም ሲደርስ በእርከኖቹ ላይ እያረሱ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከፍርስራሹ ግድግዳ በአንዱ ላይም አጉስቲን ሊሳራጋ የተባለ የአካባቢው ሰው በ1902 በከሰል የጻፈው ስሙ ይነበብ ነበር። የኩዝኮ ተማሪዎች በአመዛኙ ስፔንኛ የሚናገሩ የከተማ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ፤ ከባለርስት ቤት የመጡም ነበሩባቸው። የሞተውን ኢንካ አከበሩ፣ ኬችዋ የሚናገረው ጭሰኛ ግን በደጃቸው ያለ ዋጋ ሲያርስ ኖረ ይባላል። ይህን ወቀሳ ሙሉ በሙሉ ማስተባበል አይቻልም። በ1944 በኩዝኮ ምሁራን ተነሣሽነት ኢንቲ ራይሚ የተባለው የፀሐይ በዓል እንደገና ሲጀመርም ብዙው ገበሬ መሬት አልነበረውም፤ የመሬት ማሻሻያ አዋጁ የታወጀው ከ25 ዓመት በኋላ ሰኔ 24 ቀን 1969 ነው። ቢሆንም የጥናት ጉዞው ተማሪውን ከድንጋዩ ጋር ብቻ አላገናኘውም፤ በመንገዱ ላይ ያለውን መንደርም አሳየው። ቫልካርሴል በ1927 ያሳተመው «በአንዲስ ውስጥ ማዕበል» የተባለ መጽሐፍ ስለ ሕያው የአገሬው ሰው መነሣት የሚናገር ነው። መንገድ ላይ ያዩትን በደል ወዲያው አላስቆሙም፤ ግን ዝም አላሉትም። ፍርዱ ከባድ መሆን ያለበት ምንም ሳያዩ ከተማ ውስጥ በቀሩት ላይ ይመስለኛል።

በማቹ ፒቹ ዕቃዎች ላይ የተነሣው ሙግት መቶ ዓመት ገደማ ፈጀ። ፔሩ ጉዳዩን እስከ አሜሪካ ፍርድ ቤት አደረሰችው፤ በ2010 በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች የታጀበ የአደባባይ ሰልፍ ተደረገ፤ በመጨረሻ ዬል ለመመለስ ተስማማ። የሸክላ ዕቃዎቹ፣ የብረታ ብረት ሥራዎቹና አጽሞቹ ከ2011 እስከ 2012 ኩዝኮ ገቡ። የተረከባቸው በ1909 ተማሪዎቹ ያመፁበት ያው የሳን አንቶኒዮ አባድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በኢንካ ግንብ ላይ በቆመው ካሳ ኮንቻ በተባለው አሮጌ ቤት ውስጥም ለሕዝብ አሳይቷቸዋል። ቤቱ ከከተማዋ ዋና አደባባይ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ወደ ማቹ ፒቹ በሚሄደው ባቡር ጥድፊያ ይህን ቤት ዘልሎ የሚያልፍ የተማሪ ጉብኝት፣ ተራራውን ቢያሳይም ዋናውን ትምህርት አስቀርቷል። ልጆች ይዞ ኩዝኮ የሚሄድ መምህር ቢያንስ አንድ ግማሽ ቀን ለካሳ ኮንቻ ይስጥ።