በሽታውን የደበቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ ግን ግማሹን ነው የተናገረው። እኛ ዘንድ የሚደበቀው በሽታው ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱም ይደበቃል። በተለይ ነገሩ የሴት ልጅ የሆድ ሕመም ሲሆን።

በየወሩ ሕመሙ አልጋ ላይ የሚጥላት ልጅ «ሆዴን ቆረጠኝ» ትላለች። እናት «የሴት ልጅ ዕጣ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትላታለች። ተራ ቁርጠት ከሆነ እውነቷን ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚሉት በሽታ አለ። የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማሕፀን ውጪ፣ በእንቁላል ማምረቻውና በአንጀት ዙሪያ ይበቅላል። ወሩ ሲደርስ እሱም ይደማል። መውጫ የለውምና ያቆስላል፣ ጠባሳ ያበጃል፣ አንዳንዷንም ልጅ ይነሳታል። የቪየናው ሐኪም ካርል ፎን ሮኪታንስኪ በ1860 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ የዛሬ ስሙን ያስለመደው አሜሪካዊው ጆን ሳምፕሰን ደግሞ በ1920ዎቹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷን ገደማ፣ 190 ሚሊዮን ያህሉን ይይዛል ይላል። ቤታችን ውስጥ ግን ስም የለውም። ስም የሌለውን ሕመም ለማን ይናገሩታል?

አሁን እስቲ ወደ ዲላ እንውረድ። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ ስትጓዙ የምታዩት ደን የሚመስል ነገር ደን አይደለም፤ የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱና ቡናው፣ ዝቅ ብሎ ቦዬው፣ ጎመኑና ቅጠላ ቅጠሉ። ዩኔስኮ ይህንን የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ጓሮው ጓዳም ፋርማሲም ነው። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ጤና አዳም፣ ለሆድ የሚፈላው ዝንጅብል የማንም ዕውቀት ነው። ከዚያ የጠለቀውን ግን የሚይዙት ጥቂት አዋቂዎች ናቸው። በብዙው ያገራችን ክፍል መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ይባላልና ዕውቀቱ ከጆሮ ወደ ጆሮ፣ ያውም ለአንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። ልጁ ከተማ ከገባ አበቃ።

ከዚያ ጓሮ ውስጥ ቦዬን እናንሳ። ዘመዶቿ በሌላው ዓለም ታሪክ ሠርተዋልና።

በ1934 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት ፕሮጄስትሮን የተባለውን የሴት ሆርሞን 20 ሚሊ ግራም ብቻ ለማግኘት የ50 ሺህ አሳማዎችን የእንቁላል ማምረቻ አስፈልጎታል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ራስል ማርከር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሜክሲኮ፣ ቬራክሩዝ ውስጥ ከሚበቅል የዱር ቦዬ ሥር ዲዮስጄኒን የተባለ ንጥረ ነገር አወጣ፤ ከዚያም ፕሮጄስትሮን ሠራ። በ1944 ሲንቴክስ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ። በ1951 የኩባንያው ኬሚስቶች ሚራሞንቴስ፣ ጄራሲና ሮዘንክራንዝ ከዚያው ሥር ተነስተው ኖርኤቲስቴሮንን ሠሩ። ይህ ዛሬም ለኢንዶሜትሪዮሲስ ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም፤ እስካሁን የሚነቅለው አልተገኘም። ግን ያበርደዋል።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ቦዬ ልቀቅል» የምትል እንዳትኖር። ሰውነታችን ዲዮስጄኒንን ወደ ሆርሞን መለወጥ አይችልም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ዲዮስጄኒን በአብሽም ውስጥ አለ፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ዝንጅብል ተራውን የወር አበባ ቁርጠት እንደሚያስታግስ በሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጠቁመዋል። በእርድና በአረንጓዴ ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች በኢንዶሜትሪዮሲስ ላይ በላቦራቶሪና በአይጥ ተስፋ ቢያሳዩም፣ በሴቶች ላይ በበቂ አልተረጋገጡም። ጤና አዳም ደግሞ ሲበዛ መርዝ ነው፤ እርጉዝ ሴት አትድፈረው።

ሥሩን ከጫካ የቆፈሩት የሜክሲኮ ገበሬዎችስ ምን አገኙ? ኩባንያዎቹ ከበሩ፣ ቆፋሪው በኪሎ ጥቂት ሳንቲም ይዞ ቀረ። መንግሥት በ1975 ፕሮኪቬሜክስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ድርሻቸውን ላስከብር ሲል ጊዜው አልፎ ነበር፤ ኩባንያዎቹ ወደ ሌላ ጥሬ ዕቃ ዞረዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ምርምሩ ከዚያ ተነሳ። እንዶድን ያውቁ የነበሩት እነዚያ አጣቢዎች ናቸው። ኋላ ግን እንዶድን ለሌላ አገልግሎት የፓተንት ባለቤት ያደረገው የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ የጌዴኦዋ አዋቂ ዕውቀቷን ብትናገር የሚረክስ ነገር የለም፤ የሚረክሰው ተዘርፎ ወይም ከእሷ ጋር ተቀብሮ ሲቀር ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው። ይጠየቅ፣ ይጻፍ፣ ይፈተን፤ የባለቤቷም ስም ይቀመጥ።

እናትም ዝንጅብሉን ታፍላ፣ ማን ከለከላት። ነገር ግን ልጅቷ በየወሩ ከትምህርት ቤት የምትቀር ከሆነ «ይተውሻል» አይበቃም። ሐኪም ዘንድ ትውሰዳት፤ የበሽታውንም ስም ጠርታ ትጠይቅ።