ደቂቃ የምትቆጥረው ቺፕ ምስክርነቷ ምን ያህል ይታመናል?

በደቂቃ ሒሳብ የሚያስከፍል መሣሪያ ‹‹አንድ ሰዓት ቆይተሃል›› ሲለን ያለ ክርክር ከፍለን እንሄዳለን፡፡ እኔ ግን የተማርኩት ሕግ ነውና ምስክሩ ሳይመረመር ቃሉን መቀበል ይከብደኛል፡፡ በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ውስጥ ተቀምጦ የሚቆጥረው ምስክር አብዛኛውን ጊዜ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ቺፕ ነው፡፡ ለአብነት በአርዱይኖ ኡኖ ቦርድ የታወቀውን፣ ኤቲሜጋ 328ፒ የተባለውን ባለ 28 እግር ቺፕ እንውሰድ፡፡

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፡፡ 7ኛውና 20ኛው እግር 5 ቮልት ያገኛሉ፤ 8ኛውና 22ኛው ከግራውንድ ጋር ይያያዛሉ፡፡ 1ኛው እግር ቺፑን ከመጀመሪያው የሚያስነሳው ሪሴት ሲሆን፣ በ10 ሺሕ ኦም ሬዚስተር ከ5 ቮልት ጋር ይታሰራል፡፡ ጀማሪዎች የሚዘሏት ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ደግሞ ከኃይል መግቢያው እግሮች አጠገብ መቀመጥ አለባት፡፡

ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው፡፡ ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሠራው በራሱ የውስጥ ሰዓት ነው፤ 8 ሜጋኸርትዙ ለ8 ተካፍሎ 1 ሜጋኸርትዝ ይሆናል፡፡ አምራቹ ለዚህ የውስጥ ሰዓት የሚሰጠው የፋብሪካ ዋስትና እስከ 10 በመቶ ስህተትን ይፈቅዳል፡፡ በአንድ ሰዓት ውስጥ 6 ደቂቃ ማለት ነው! ስለዚህ በ9ኛውና በ10ኛው እግር ላይ 16 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል፣ ከእያንዳንዱ እግር ወደ ግራውንድ ደግሞ ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ይገጠማል፡፡ ከሚሊዮን 50 የሚሳሳት ተራ ክሪስታል እንኳ በቀን የሚያዛንፈው ከ4 ሰከንድ ብዙም አይበልጥም፡፡

ክሪስታሉን መበየድ ብቻውን ግን አይበቃም፡፡ ‹‹ፊውዝ›› በሚባሉት የቺፑ ቅንብሮች ‹‹ከውጭ ያለውን ሰዓት ተጠቀም›› ተብሎ ካልታዘዘ ክሪስታሉ እዚያው ለጌጥ ይቀመጣል፡፡ ለ16 ሜጋኸርትዝ የተጻፈ ፕሮግራም በ1 ሜጋኸርትዝ ሲሄድ አንዷ ሰከንድ 16 ሰከንድ ትሆናለች፡፡

ከዚያ ቆጠራው ይመጣል፡፡ 16 ሚሊዮኑ ምት ለ256 ሲካፈል በሰከንድ 62,500 ይሆናል፡፡ በቆጣሪው ላይ የሚጻፈው ግን 62,499 ነው፤ ምክንያቱም ዜሮም ይቆጠራል፡፡ (የይርጋ ጊዜ ሲሰላ ‹‹የመነሻው ቀን ይቆጠር ወይስ አይቆጠር?›› እያልን የምንጨቃጨቀውን አስታወሰኝ፡፡) አንዷን ቁጥር የዘነጋ ባለሙያ ሰዓቱን በቀን 1.4 ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ያስቀረዋል፡፡

መብራት ሲጠፋስ? የቆጣሪው ሒሳብ አብሮ ይጠፋል፡፡ መፍትሔው እንደ ዲኤስ3231 ያለ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ የሰዓት ቺፕ መጨመር ነው፤ ስህተቱ በተለመደው የክፍል ሙቀት በዓመት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፡፡

እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ ድርጅት ጠበቃ ብሆን፣ የሰዓቱ ምንጭ ምን እንደሆነና መብራት ሲቋረጥ ቆጠራው የት እንደሚቀመጥ ሻጩ በግዥ ውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር እጠይቃለሁ፡፡