በቀለም ስም የቆየው ዘረመል



ዛሬ የማቀርብላችሁ ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በኦክስጅን ለሚካሄደው ትንፈሳ የሚያገለግሉ ዘረመሎቹን መቼ እንደሚከፍትና መቼ እንደሚዘጋ የታወቀበትን ታሪክ ነው።

ያለ አየር የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት እንዳሉ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 አሳውቋል። ሕዋሱ የኦክስጅንን መኖርና አለመኖር በምን እንደሚለይ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ምላሽ ሳያገኝ ቆየ። በ1976 ላምብደንና ጌስት ያለ ኦክስጅን በናይትሬትና በፉማሬት መተንፈስ የተሳናቸውን ዝርያዎች ገለጹ፤ ኤፍኤንአር የተባለው ተቆጣጣሪ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ፕሮቲን የብረትና የድኝ ቅንጅት ይዟል፤ ኦክስጅን ቅንጅቱን ሲያፈርሰው ሥራውን ያቆማል። ነገሩ ግልጽ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ነው። በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሺሮ ኢዩቺና ኤድመንድ ሊን የሰክሲኔት ዲሃይድሮጅኔዝን ዘረመል መቆጣጠሪያ ላክቶስን ከሚሰብረው ኢንዛይም ዘረመል ጋር አጋጠሙ። ኦክስጅን በሌለበት ትንፈሳውን መዝጋት ያቃተው ዝርያ በዚህ ኢንዛይም ብዛት ራሱን ያጋልጣል። በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ዝርያ አቀረቡ፤ የሲትሪክ አሲድ ዑደት ኢንዛይሞችም ያለ ኦክስጅን ከፍ ብለው ተገኙ። ተቆጣጣሪውን አርክኤ አሉት።

በዘረመል ካርታው ላይ ግን ስፍራው ባዶ አልነበረም። ይህ ዘረመል ሲበላሽ ባክቴሪያው በቶሉዲን ሰማያዊ ቀለም ስለሚጠቃ «ዳይ»፣ ማለትም ቀለም፣ ተብሎ ቆይቷል። የኤፍ ፕላዝሚድን ሥራ ስለሚነካም ሌሎች በሌላ ስም ይጠሩት ነበር። በ1985 ቅደም ተከተሉ ተነቦ ከሌላ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ጋር መመሳሰሉ ጭምር ታውቆ ነበር! ምን እንደሚቆጣጠር ብቻ አልተጠየቀም። አንዳንድ ባልደረቦቼ የ1988ቱን ግኝት የዕድል ነገር ያደርጉታል፤ እኔ አልስማማም። ሊን ከዚያ በፊት ግሊሰሮልን የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን ለአሥርት ዓመታት ሲያጠና ስለኖረ፣ ኢንዛይሞቹ ያለ ኦክስጅን ለምን እንደሚቀንሱ መጠየቅ ለእርሱ የዘወትር ሥራው ነበር።

አሁን የራሴን ስህተት ልናዘዝ። የአርክኤ አጋር የሆነው አርክቢ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተቀምጦ ፎስፌት ያቀብለዋል፤ አርክኤም በዚያ ጉልበት የትንፈሳ ዘረመሎችን ይዘጋል። እኔ ለዓመታት «አርክቢ ኦክስጅንን ይለካል» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ጆርጄሊስ፣ ክዎንና ሊን ግን በ2001 እንዳሳዩት፣ አርክቢን የሚገቱት በሽፋኑ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልሱት ኩዊኖኖች ናቸው፤ ኤሌክትሮናቸውን አስረክበው ባዶ ሲሆኑ ይገቱታል። የሚነበበው እንግዲህ የትንፈሳው ሂደት እንጂ ኦክስጅኑ ራሱ አይደለም። ከእኔ የተማራችሁ ካላችሁ፣ በማስታወሻችሁ ላይ ያንን መስመር ሰርዛችሁ «ኩዊኖን» ብላችሁ ጻፉልኝ።