መጀመሪያ የሚታዘዘው ማን ነው?

በሐሙሲትም ሆነ በደብረ ታቦር፣ በትምህርት ቤት፣ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወይም በፎቶ ኮፒ ቤት የተቀመጠ ኮምፒውተር የብዙ ሰው እጅ ያርፍበታል። በቀን የስንቱ ፍላሽ እንደሚሰካበት ባለቤቱም አይቆጥረውም። እንዲህ ያለውን ማሽን ለሥራ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ገና ከጅምሩ አንድ ምርጫ ይገጥመዋል፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ የሚነሣበትን ፕሮግራም መጀመሪያ የት ይፈልግ? ከሃርድ ዲስክ፣ ከሲዲ፣ ከፍላሽ ወይስ ከኔትወርክ? ብዙዎች ዊንዶውስ ለመጫን ሲሉ ፍላሹን አንደኛ ያደርጉታል፤ ጭነው ሲጨርሱም ቅደም ተከተሉን ሳይመልሱ ማሽኑን ያስረክባሉ። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል። የዝርዝሩ አንደኛ ቦታ የሥልጣን ቦታ ነው፤ ጸረ ቫይረሱም ሆነ የይለፍ ቃሉ ገና ሳይነቁ ማሽኑን የሚያዘው በዚያ ቦታ የተቀመጠው ዕቃ ነው። የብዙ ሰው በሆነ ኮምፒውተር ላይ ያንን ቦታ መያዝ ያለበት ሃርድ ዲስኩ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ታሪኩ ያሳያል። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያወጣ ማሽኑ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ባዮስ የተባለው፣ በቦርዱ ላይ የተቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም መጀመሪያ ፍሎፒውን ያያል፤ ፍሎፒ ካጣ በውስጡ ወዳለው የቤዚክ ቋንቋ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤክስቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣም ፍሎፒው አንደኛነቱን አልለቀቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አዲስ ሃርድ ዲስክ ባዶ ስለሆነ አንድ ሰው ከውጭ አምጥቶ ሊጭንበት ይገባል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የተቀመረው ለአንድ ቀን ሥራ፣ ለጫኚው ምቾት ነው። ማሽኑን ለዓመታት የሚጠቀምበት ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም። ሆኖም ጊዜያዊው አሠራር ቋሚ ሆኖ ከፍሎፒ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ እኛ ዘንድ ደረሰ።

የዚህ ዋጋ የታየው ብዙ ሳይቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ብሬይን የተባለ ቫይረስ በፍሎፒ የመጀመሪያ ክፍል ላይ ተቀምጦ ዓለምን ዞረ። በማግስቱ ዓመት ከኒውዚላንድ ስቶንድ ተከተለ፤ ከዚያም በየዓመቱ የካቲት መጨረሻ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን፣ የዲስክን መረጃ የሚደመስሰው ማይክል አንጄሎ መጣ። አሠራራቸው ይመሳሰላል። ማሽኑ ሲበራ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለውን 512 ባይት አንብቦ፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። ፍሎፒው ደብዳቤ ብቻ የያዘ፣ የማስነሻ ሥርዓት የሌለበት ቢሆንም ይህ ክፍል አለው። ሰውየው ማታ ፍሎፒውን ሳያወጣ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲያበራ ዲስኩ ማስነሻ እንዳልሆነ የሚናገር መልእክት ያያል፤ አውጥቶም ሥራውን ይቀጥላል። እንደ ስቶንድና ማይክል አንጄሎ ያለው ቫይረስ ግን መልእክቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ሃርድ ዲስኩ ገብቷል። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ከዚያ በፊት ፕሮግራምም ሰነድም ከቢሮ ቢሮ የሚሄደው በአብዛኛው በፍሎፒ ነበር። ለእነዚህ ቫይረሶች ከዚህ የተመቸ መንገድ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ባለሙያዎች ይመክሩት ከነበረው መድኃኒት አንዱ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሴትአፕ በተባለው የባዮስ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ሃርድ ዲስኩን ከፍሎፒው ማስቀደም ብቻ ነው።

ያ ዘመን አልፏል የሚል ይኖራል፤ በከፊልም ልክ ነው። በኋላ በፍላሽ የተዛመቱት ቫይረሶች በአብዛኛው የሚነቁት ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ለእነሱ የመነሻ ቅደም ተከተል መከላከያ አይሆንም። የዛሬው አደጋ ግን ሌላ ነው። ኡቡንቱ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት ፍላሽ የያዘ ማንኛውም ሰው፣ ፍላሽ በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቢያስነሣው የዊንዶውሱ የይለፍ ቃል ፈጽሞ አይጠየቅም። ሃርድ ዲስኩ ካልተመሰጠረ የተማሪ ውጤት፣ የመሬት ይዞታ ሰነድ፣ የታካሚ ካርድ ክፍት ነው፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መለወጥም ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። የፈተና ክፍል ኮምፒውተር ከየትኛው ዕቃ እንደሚነሣ ከእንግዲህ የፈተና ደኅንነት ጥያቄ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከዊንዶውስ 8 ጋር የተስፋፋው ሴኪዩር ቡት ይህን ይፈታል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። እሱ የሚመረምረው የማስነሻውን ፊርማ ነው፤ ኡቡንቱ ደግሞ ተቀባይነት ያለው ፊርማ አለው። ስለዚህ በሩ የሚጠይቀው ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን ልብሱ የታወቀ መሆኑን ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከጠጋኞች ይመጣል፤ ፍላሹ አንደኛ ካልሆነ ማሽኑ ሲበላሽ እንዴት ፎርማት እናደርጋለን? ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ሲበራ ኤፍ12 ወይም እንደ ሞዴሉ ሌላ ቁልፍ በመጫን ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ከፍላሽ ማስነሣት ይቻላል፤ ዋናው ቅደም ተከተል አይነካም። በርግጥ የባዮስ የይለፍ ቃል ካልተደረገበት ይህንኑ ቁልፍ ማንም ይጫነዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉና የይለፍ ቃሉ አብረው መሄድ አለባቸው፤ የይለፍ ቃሉ ይህን የማስነሻ ምርጫ መቆለፉንም ሞክሮ ማረጋገጥ ነው። ኬዙን ፈቶ የሴትአፕ ምርጫዎችን የሚጠብቀውን ባትሪ የሚነቅል ሌባ ሁለቱንም ሊያልፍ እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ያ መፍቻና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥም ይታያል። ፍላሽ መሰካት ግን የዕለት ሥራ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ቁልፉ፣ ማለትም የይለፍ ቃሉ፣ በማን እጅ ይሁን የሚለው ግን ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ 5 ሺህ ያህል አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። የእነዚያ ማሽኖች አነሣስ በፕሮጀክቱ ያልተፈረመ ሥርዓት እንዳይቀበል ተደርጎ ሊቆለፍ የሚችል ነበር፤ መፍቻውን የሚፈልግም ከሩቅ መጠየቅ ነበረበት። ከስርቆት ለመከላከል ታስቦ ነው፤ ሐሳቡም ክፉ አይደለም። ሆኖም ማሽኑ አጠገብ ያለው መምህር ሊያዝዘው የማይችለው ቁልፍ ጥገናን ከቦታው ያርቃል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነውና ቁልፉን የሚይዘው እዚያው ያለ ሰው መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ይህም ሆኖ አንዴ አስተካክሎ መተው አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣው የአይቢኤም ኤቲ ጀምሮ የሴትአፕ ምርጫዎች በባትሪ በሚጠበቅ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጡ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱ ባሉት አሮጌ ዴስክቶፖች ያ ባትሪ ሲአር2032 የተባለችው ባለ 3 ቮልቱ ክብ ባትሪ ናት። መብራት ሲጠፋ፣ ማታ ማታ ዋናው ማብሪያ ሲዘጋ፣ ክረምቱን ሙሉ ክፍሉ ተቆልፎ ሲከርም ሸክሙ በእሷ ላይ ይወድቃል። ስታልቅ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቅደም ተከተሉም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል፤ በአሮጌዎቹ ላይ የይለፍ ቃሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ባለባቸው አዲስ ማሽኖች ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ በቋሚ ማስታወሻ ስለሚጻፍ ይህ ችግር ቀንሷል። በሐሙሲትና በአካባቢው የኮምፒውተር ክፍል የምትመሩ መምህራንን እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው፤ በመስከረም ክፍሉን ስትከፍቱ ቀኑ የተዛባ ማሽን ካያችሁ ቀኑን ብቻ አስተካክላችሁ አትለፉት። ባትሪውን ቀይሩ፣ ሴትአፕ ገብታችሁ ሃርድ ዲስኩን አንደኛ አድርጉ፣ የይለፍ ቃሉን ጽፋችሁ በርእሰ መምህሩ ካዝና አስቀምጡ።