የፕሌዘንት ሂል ሼከሮች መንደር

ፕሌዘንት ሂል በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ በሃሮድስበርግ ከተማ አቅራቢያ ያለ የቀድሞ የሼከሮች መንደር ነው። ሼከሮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተነሡ የክርስቲያን ማኅበር ናቸው። መሪያቸው አን ሊ በ1774 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጥቂት ተከታዮቿ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች። ማኅበርተኞቹ ትዳርን ትተው በንጽሕና ይኖራሉ፤ ንብረታቸውን በጋራ ይይዛሉ፤ ኃጢአታቸውን ይናዘዛሉ፤ ጦር አያነሡም። መንግሥተ ሰማያትን በዚህ ምድር መኖር እንደሚቻል ስለሚያምኑ የእጅ ሥራ ለእነርሱ ከጸሎት አይለይም ነበር። ቤቶቻቸውም ለዚህ ሕይወት እንዲመቹ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

በ1805 ሦስት የሼከር ሰባኪዎች ከኒውዮርክ ግዛት ተነሥተው ወደ ኬንታኪ መጡ። አገሩ ያን ጊዜ በታላቅ መንፈሳዊ መነቃቃት ላይ ስለነበር ሰሚ አላጡም። በ1806 መጨረሻ 44 ሰዎች በቃል ኪዳን ታስረው ማኅበር መሠረቱ፤ ጥቂት ቆይተውም መንደራቸውን በኮረብታው አናት ላይ ተከሉ። ነዋሪው በበዛበት ዘመን 500 ገደማ ደርሶ ነበር። ሕዝቡ የሚኖረው «ቤተሰብ» በሚባሉ ክፍሎች ሲሆን፣ የሚያስተሳስራቸው የሥጋ ዝምድና ሳይሆን እምነት ነበር። ወንዶችና ሴቶች በመሪነት እኩል ድርሻ ነበራቸው።

በ1820 የተሠራው የጸሎት ቤት ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሕንፃ ነው። ሁለት በሮች አሉት፤ አንዱ የወንድሞች፣ ሌላው የእኅቶች። ሼከሮች እግዚአብሔርን የሚያመሰግኑት በመዝሙርና በሽብሸባ፣ በረድፍ እየተራመዱና ወለሉን እየመቱ ነበርና ሰፊ ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ አንድም ምሰሶ አልቆመም፤ ክብደቱን የተሸከመው ከላይ የተጋጠመው ጠንካራ የጣሪያ እንጨት ነው።

ከጸሎት ቤቱ ፊት ለፊት የማዕከላዊው ቤተሰብ መኖሪያ ይታያል። በ1824 ተጀምሮ በ1834 የተጠናቀቀው ይህ ትልቅ ሕንፃ በኖራ ድንጋይ የተገነባ ነው። በውስጡ ሰፊ መተላለፊያ የወንዶቹን ወገን ከሴቶቹ ይለያል፤ በሩም ደረጃውም ጥንድ ጥንድ ነው። ምግብ የሚበላው በዝምታ፣ በተለያየ ገበታ ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ዙሪያውን የእንጨት መስቀያ ተሰክቶበታል። ልብስና ባርኔጣ ይሰቀልበት ነበር፤ ወለሉ በሚጠረግበት ጊዜ ወንበሩም ተነሥቶ እዚያው ይንጠለጠል ነበር። ንጽሕና የነፍስም የቤትም ግዴታ ነበርና።

በ1833 በተሠራው የውኃ ቤት፣ በፈረስ ጉልበት ከምንጭ የተሳበ ውኃ ወደ ማጠራቀሚያ ይወጣና በቧንቧ ወደ ማድ ቤትና ወደ ልብስ ማጠቢያ ይወርድ ነበር። ሴቶች ከባልዲ ሸክም ዐረፉ። የተረፈው ጉልበት ለሥራ ዋለ፤ መጥረጊያ፣ የአትክልት ዘርና የፍራፍሬ ማርማላታ እየተዘጋጀ በወንዝ ጀልባ እስከ ኒው ኦርሊንስ ይሸጥ ነበር። የውጭ ሰው የሚስተናገደውና ንግዱ የሚመራው በ1839 በተጀመረው የባለአደራዎች ቤት ነበር። የመንደሩን ንድፍ ያወጣው የማኅበሩ አባል ማይካጃ በርኔት በዚህ ቤት ጎን ለጎን የሚዞሩ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች ሠርቷል። ጌጥን ለሚንቅ ማኅበር ውበት ከትክክለኛ ልኬትና ከጥሩ አሠራር እንደሚገኝ የሚያስረዱ ሥራዎች ናቸው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማኅበሩን ክፉኛ ጎዳው። በጥቅምት 1862 በፔሪቪል ውጊያ ሰሞን የሁለቱም ወገን ወታደሮች በመንደሩ አልፈዋል፤ ሼከሮቹም ወገን ሳይለዩ አብልተዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የፋብሪካ ዕቃ ገበያቸውን ወሰደው፤ ወጣቶችም ጥለዋቸው ሄዱ። ልጅ የማይወለድበት ማኅበር የሚቆየው አዲስ አማኝ እስከመጣለት ድረስ ነውና በ1910 ተዘጋ።

ሕንፃዎቹ ለልዩ ልዩ አገልግሎት ሲውሉ ቆይተው፣ በ1961 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተቋቁሞ እድሳት ተጀመረ። በመሐል ያልፍ የነበረው አውራ ጎዳና ወደ ዳር ተዛወረ፤ መንደሩም በ1968 ለጎብኚ ተከፈተ። ዛሬ 34 ነባር ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ጎብኚም ሼከሮች ባደሩባቸው ክፍሎች ማደር ይችላል።