በማሻ አገር የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ስለ መሆን

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ ለሚሆነው ለዚህ መጽሔት የታሪክ ክበባችን አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፥ ከመካከላችን ብዙዎቹ ስለ ሸካ ነገሥታት እንጻፍ ብለው ነበር። የነገሥታቱን ታሪክ ግን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ጽፈውታል። እኛ የመረጥነው በየቤታችን ያለውን፥ ነገር ግን ማንም እንደ ታሪክ የማይቈጥረውን ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ የማሻ ሰው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ሲሆን ምን ይጠየቅ እንደ ነበረ፥ ምንስ ይተው እንደ ነበረ፥ ከሁሉም ይልቅ ከማን ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጥ እንደ ነበረ ነው። ከክበባችን ልጆች እኩሌቶቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ፥ እኩሌቶቹ የወንጌላውያን፥ ጥቂቶችም የካቶሊክ ልጆች ስለ ሆንን፥ የምንጽፈው ለመስበክ እንዳልሆነ አንባቢያችን ይረዳልናል።

በጥንቱ የሸካ አገር አባልነት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚሆነውን ሁሉ ሁኖ ይወለድ ነበርና። በጎሣው ይወለዳል፤ በጎሣው ደዶ፥ ማለት ዛፉ በማይቈረጥበት በተከበረው የአምልኮ ሥፍራ፥ አባቶቹ እንደ ለመኑ ይለምናል፤ የችግር ቀን በመጣ ጊዜም ኤቆ ወደ ወረደበት ሰው ሂዶ ምክንያቱን ያስጠይቃል። ታምናለህ ወይስ አታምንም ብሎ የሚመረምረው ሰው አልነበረም። በ1890 ዓ.ም. ገደማ፥ ከፋ በተያዘ በማግሥቱ፥ ሸካ በዳግማዊ ምኒልክ ጦር ተይዞ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት በገባ ጊዜ፥ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፤ ካህናትም መጡ። ያን ጊዜም ብዙው ሰው ወደ ጥምቀት የሄደው አለቃውን ተከትሎ ነው። ይህን ስንል ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመንቀፍ አይደለም። የኪየቭ ሰዎችም በ988 እ.ኤ.አ. መስፍናቸው ቭላዲሚር በተጠመቀ ጊዜ ተከትለውት ወደ ወንዝ ወርደዋል፤ ዛሬ ግን ሃይማኖታቸው የተበደሩት ነው የሚላቸው የለም።

ወንጌላውያኑ ወደ ምዕራቡ አገር የመጡት በበሽታ ምክንያት ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ፥ በሳዮ፥ በዛሬው ደምቢ ዶሎ፥ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ከሱዳን በኩል ሐኪም እንዲመጣላቸው ፈለጉ። በዚያው ዓመት በክረምቱ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የተባሉ የአሜሪካ ፕሬስቢቴርያን ሚስዮን ሐኪም ሳዮ ደረሱ። ሥራው ቀጥሎ ወደ ጎሬ ተሻገረ። በንጉሡ ዘመን አገራችን ሞቻ አውራጃ እየተባለ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ስለ ነበረ፥ የእኛ ሰዎች ዳኝነት የሚጠይቁት ወደ ጎሬ ሂደው ነበር። አዲስ ነገር ሁሉ የሚሰማውም በዚሁ መንገድ ነበር፤ መንገድ ስንል ጭቃው ከጉልበት የሚደርሰውን፥ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝናብ የማይለየውን መንገድ ማለታችን ነው።

ሚስዮናውያን አመጡት እንጂ ሚስዮናውያን አላቆዩትም። ኢጣሊያኖች አገሩን ወርረው የውጭ አገር ሰባክያንን ባስወጡ ጊዜ፥ የሳዮ ማኅበር በአገሩ ልጆች እጅ ቀረ። ከነዚህ አንዱ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋባቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው፤ እርሳቸውም በኋላ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሆኑት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት ናቸው። ማንበብ የማይችሉት ዓይነ ስውር በልባቸው የያዙትን ቃል ይዘው በእግራቸው እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። በወላይታም እንዲሁ ሆነ። በ1926 ዓ.ም. በሶዶ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች ተጠመቁ፤ ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ ምእመናኑ 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ጠበቃቸው። የወላይታና የከምባታ ወንጌላውያን ከዚያ ወዲህ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተበትነው ብዙ ማኅበሮችን ተክለዋል።

በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮን ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፈለው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በተባለው ሚስዮናውያን ሆስፒታል መክፈትና ትምህርት ማስተማር ይችላሉ፥ የራሳቸውን ሃይማኖት ግን ማስፋፋት አይችሉም፤ ክፍት በተባለው ግን ሃይማኖታቸውንም ያስተምራሉ። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ከዚህ የተነሣ በምዕራቡ አገር የወንጌል ተማሪ ለመሆን የሚመጣ ሰው ፊደል መቁጠር ጀመረ፤ በቤቱ ሸክኛ የሚናገር ሰው ስለ ነፍሱ በአማርኛ ይጠየቅ ነበር። ለዚህ ነው አንዳንድ አረጋውያን ሌላው ንግግራቸው ሁሉ ሸክኛ ሁኖ፥ ጸሎት ሲጀምሩ ብቻ ወደ አማርኛ የሚዞሩት። ከቴፒ በታች ባለው በጎደሬ ደግሞ፥ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ መዠንግር ሕዝብ የመጡት ሚስዮናዊ ሃርቪ ሆክስትራ ሌላ ዘዴ ፈለጉ፤ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ በገዛ ቋንቋው የተቀዳ ድምፅ በካሴት አሰሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አንድ ሰው አባል ለመሆን ሲፈልግ በመጀመሪያ ስሙን ለወንጌላዊው ያስመዘግባል፤ ከዚያም ወራት የሚፈጅ ትምህርት ይማራል፤ ዐሥሩን ትእዛዛት፥ ጸሎተ ሃይማኖትንና አባታችን ሆይን ያጠናል። ትምህርቱ ሲያልቅ በማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀርቦ ይመረመራል። ልብ በሉ፤ የሚመረምሩት ሽማግሌዎች ጎረቤቶቹ ናቸው። የሰከረበትን ቀን፥ የተበደረውንና ያልከፈለውን፥ ከወንድሙ ጋር በድንበር የተጣላበትን ነገር ሁሉ ያውቃሉ። የፈረንጅ መርማሪ ቢሆን ኖሮ ማለፉ ይቀል ነበር ብለን እናስባለን። ምርመራውን ያለፈ ሰው በእሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ እምነቱን በገዛ አፉ ይመሰክራል፤ ያልተጠመቀም እንደ ሆነ ይጠመቃል። በመካነ ኢየሱስ ሕፃናትም ይጠመቃሉ፤ አድገው የማጽኛውን ትምህርት ከጨረሱ በኋላ ወደ ጌታ እራት ይቀርባሉ። በቃለ ሕይወት ግን ሰው ራሱ አምኖ ሳይናገር አይጠመቅም፤ የሚጠመቀውም በውኃ ጠልቆ ነው።

የሚተወው ነገር ቀላል አልነበረም። ማሻ የማር አገር ናት፤ ቀፎ በትልልቅ ዛፎች ላይ ይሰቀላል፤ ጠጅ የሌለበት ሠርግም ኀዘንም አይታሰብም ነበር። የወንጌል ሰው ግን ማሩን ይሸጣል እንጂ ጠጁን አይጠጣም። ስለዚህ የዕርቅ ሽማግሌ ሁኖ ሲቀመጥ ብርሌውን መመለስ ነበረበት፤ ብርሌ የመለሰ ሰው ደግሞ ዕርቁን የናቀ ይመስላል። ሁለት ሚስት ያለው ሰው ነገሩ ከዚህም ይከብድበት ነበር፤ አንዲቱን ቢሰድ ልጆቿ ይበተናሉ፥ ባይሰድ ከጌታ እራት ይርቃል። ይህን ጥያቄ አብያተ ክርስቲያናቱ በልዩ ልዩ መንገድ መልሰውታል፤ ሁሉንም ያስደሰተ መልስ ግን አልተገኘም። ደዶውንም መተው ነበረበት። በዚህ ነገር እኛ በክበባችን ተከራክረናል። የአባቶች ፍርሃት የጠበቀው ዱር ፍርሃቱ ሲጠፋ መሣት መጀመሩን አጥኚዎች ጽፈዋል፤ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ክልሎች መካከል ሲመዘገብም፥ ከታዩት ነገሮች አንዱ የነዚህ የተከበሩ ሥፍራዎች ጥበቃ ነበር። ከእኛ እኩሌቶቹ ዛፍን ለመጠበቅ ኤቆን መፍራት አያስፈልግም ይላሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ እስካሁን ከኤቆ የተሻለ የዱር ዘበኛ አላየንም ይላሉ።

ከሁሉ የከበደው ግን ጠጅም ሚስትም አልነበረም፤ ገበታ ነበረ። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባል ወገን አለ። በነገሥታቱ ዘመን አዳኝና የድንበር በር ጠባቂ ነበረ፤ በኋላም እንጨትና ከሰል እየሸጠ ይኖር ነበር። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላል ተብሎ ሌላው ሕዝብ ይጸየፈው ነበር። ማንጆ ወደ ገበሬው ቤት አይገባም፤ ምግብ ሲሰጠው በሳሕን ሳይሆን በኮባ ቅጠል ነው፤ በመንገድ ሲገናኝም ከመንገድ ወጥቶ ያሳልፋል። መጋባትማ ጨርሶ አይነሣም። ቢጠመቅም መለየቱ አልቀረለትም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የመካነ ኢየሱስ ሰባክያን ወደ ማንጆ መንደሮች በገቡ ጊዜ፥ በተለይ በከፋ ብዙ ማንጆዎች የወንጌላውያን አባሎች ሆኑ። ስለዚህ ነገር የጻፉ ሰዎች ዋና ምክንያቱ እኩልነትን መሻት ነበር ይላሉ። እኛ «ተቀበሏቸው» የሚለውን ቃል አንጽፍም። ከክበባችን የማንጆ ልጅ የሆነ ጓደኛችን፥ ቤቱ የእግዚአብሔር ከሆነ ማን ማንን ይቀበላል ብሎ አስቀድሞ አሳስቦናል።

በምርመራው ቀን ሰው ሁሉ አንድ እንደ ሆነ ማመኑን መናገር ቀላል ነው፤ ተናግሮም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ግን በአግዳሚ ወንበር ላይ ከማንጆ ቀጥሎ መቀመጥ፥ በጌታ እራት ጽዋው ከእርሱ ቀጥሎ ሲደርስ መጠጣት መጣ። አንዳንድ ገበሬዎች በዚህ ምክንያት ከማኅበሩ ወጥተዋል። የቀሩትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። በየሰዉ ትንንሽ ብርጭቆ በሚታደልበት ቤተ ክርስቲያን ፈተናው ይቀላል፤ በየሰዉ ብርጭቆ የሚሰጠው ለንጽሕና ነው ይባላል፥ እኛም አንጠራጠርም፤ ብቻ ለሌላም ነገር ተመችቷል። ፈተናው የማያመልጠው በትልቁ ጉባኤ ቀን ነው። ከየአጥቢያው የመጣ ሰው በሜዳ ተቀምጦ ቆጮና ጎመን ሲቀርብለት፥ ቡናም በስኒ ሲዞር፥ ማን ከማን ጋር እንደ በላ ሁሉም ያያል። የአባልነት መዝገብ የማይነግረውን ይህ ገበታ ይናገራል።

መዝገቡም የራሱ ታሪክ አለው። መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች፤ የምዕራቡ የቤቴል ማኅበርም አብዮቱ በመጣበት ዓመት ተዋሐዳት። ብዙም ሳይቆይ ደርግ ጠነከረ፤ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተወስደው ተገደሉ። በምዕራቡ አገር ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ ምእመናንም በሌሊት በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ቀድሞ ስም በመዝገብ መስፈሩ ክብር እንደ ነበረ ሁሉ፥ ያን ጊዜ አደጋ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ካረጋገጠ ወዲህ ግን ስሙን ለማስጻፍ የሚፈራ የለም።

ዛሬ ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዞኑም ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ነው። ወደ ቴፒ ቡና እርሻ ለሥራ የሚመጣ፥ ከከምባታና ከሐዲያም ሊሰፍር የሚመጣ የወንጌል ሰው፥ ከአጥቢያው የመሸኛ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። በደብዳቤው ላይ አባል መሆኑና ቅጣት የሌለበት መሆኑ ይጻፋል። ዘመድ በሌለበት አገር ይህች ወረቀት ትልቅ ነገር ናት፤ ሰውዬው ቢታመም የሚጠይቀው፥ ቢሞትም መቃብር የሚቆፍርለት በእርሷ ይገኛልና።

የዛሬዎቹ የማሻ ወንጌላውያን ልጆች ደግሞ እንደ ጥንቱ በሃይማኖታቸው ውስጥ ተወልደዋል። አያቶቻቸው በሽማግሌዎች ፊት እየተንቀጠቀጡ የመለሱትን እነርሱ ከዘፈን ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምተው አድገዋል። ከክፍላችን 5 ልጆች ዘንድሮ የማጽኛውን ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራሉ። ሦስቱ ለፋሲካ ወደ ጌታ እራት እንደሚቀርቡ ነግረውናል፤ ሁለቱ ግን ገና እያሰቡበት ናቸው።